ሳይነጠቁ መጉደል፦ «አብሪጅ» ስለተባለው ግስ

የእንግሊዝኛ ቋንቋ ማነስንና መቀነስን የሚገልጽባቸው ግሶች ብዙ ናቸው። ማዕበል ጋብ ሲል የሚጠራው ሌላ ነው፤ ሕመም ሲቀልል የሚጠራው ሌላ ነው፤ ዋጋ ሲወርድም የራሱ ቃል አለው። ከእነዚህ ሁሉ መካከል የእኔን ልብ የሚስበው ግን «አብሪጅ» የሚለው ግስ ነው። ድምፁ ለስለስ ያለ፣ ሙያውም መጻሕፍትን ማሳጠር የነበረ ቃል ነው። ሆኖም ይኸው ትሑት ግስ ከአሜሪካ ሕገ መንግሥት ገብቶ ከ200 ዓመታት በላይ የዜጎች አንደበትና የምርጫ ድምፅ ሲለካበት ኖሯል። ታሪኩን ማወቃችን ለቋንቋ ፍቅር ብቻ የሚጠቅም አይደለም፤ መብት ከሰው እጅ የሚወጣው በምን መንገድ እንደሆነም ያስተምረናል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በትውልዱ እንጀምር። በላቲን «ብሬቪስ» ማለት «አጭር» ማለት ነው። ከእርሱ «አሳጠረ» የሚል ግስ ተወለደ፤ ግሱ በጥንታዊው ፈረንሳይኛ አፍ ተሞርዶ በመካከለኛው ዘመን ወደ እንግሊዝኛ ተሻገረ። ድልድይ ማለት ከሆነው «ብሪጅ» ጋር በድምፅ ቢመሳሰልም ዝምድና የላቸውም፤ ድልድዩ የመጣው ከጀርመናዊው የቋንቋ ግንድ ነው። እውነተኛው የሥጋ ዘመዱ «አብሪቪዬት» የተባለው ግስ ነው። ይህኛው ዘግየት ብሎ በቀጥታ ከላቲን ተቀዳና ቃላትን በምሕጻረ ቃል መጻፍን ሥራው አደረገ። ታላቅየው ግን ከፊደላት ይልቅ ሙሉ መጻሕፍትን፣ ከመጻሕፍትም አልፎ መብትን የሚነካ ቃል ሆነ።

በመጀመሪያ የተንከባከቡት የሕግ ሰዎች ናቸው። በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አንቶኒ ፊትዝኸርበርት የተባለ እንግሊዛዊ የሕግ ሊቅ በየዓመቱ የተመዘገቡትን የፍርድ ቤት ክርክሮች ጨምቆ፣ በርእስ በርእስ ከፋፍሎ «ታላቁ አብሪጅመንት» በሚል ስም አሳተመ። ጠበቃ ሁሉ የመዛግብቱን ክምር ተሸክሞ መዞር ስለማይችል፣ የክምሩን ፍሬ ነገር በአንድ ሥራ ማግኘቱ ትልቅ ጸጋ ነበር። እዚህ ላይ ማሳጠር በጎ ተግባር ነው፤ ገለባው ይቀራል፣ ፍሬው ይተርፋል።

ይሁንና ፍሬውን ከገለባ የሚለየው ማን ነው? ይህ ጥያቄ በ1740 ለንደን ውስጥ ከፍርድ ፊት ቀረበ። ጋይልስ የተባለ መጽሐፍ ሻጭ፣ እርሱ ያሳተመውን የማቲው ሄልን የወንጀል ሕግ መጽሐፍ ሌሎች አሳጥረው በሌላ ርእስ አወጡብኝ ብሎ ከሰሰ። ጉዳዩን የመረመሩት ሎርድ ሃርድዊክ ሁለት ዓይነት ማሳጠር እንዳለ አስረዱ። አንደኛው ሐቀኛ ማሳጠር ነው፤ ድካም፣ ዕውቀትና ማስተዋል የፈሰሰበት በመሆኑ እንደ አዲስ ሥራ ይቆጠራል። ሁለተኛው ለይስሙላ የሚደረግ ማሳጠር ነው፤ ጥቂት ቦታ እየቆረጡ የሰውን ሀብት የራስ አስመስሎ መውሰድ ነው። ቃሉ ገና ከመጻሕፍት መደርደሪያ ሳይወጣ ሁለት ፊት እንዳለው ታወቀ ማለት ነው።

ይህን ሁለት ፊት በመዝገበ ቃላት ካሰፈሩት ሁሉ የሚታወቀው ሳሙኤል ጆንሰን ነው። በ1755 ባሳተመው ታላቅ መዝገበ ቃላት ለ«አብሪጅ» ሦስት ፍቺዎችን ሰጥቷል። የመጀመሪያው ዋናው ቁም ነገር ሳይነካ በቃላት ማሳጠር ነው። ሁለተኛው ማሳነስና መቀነስ ነው። ሦስተኛው ሰውን ከአንድ ነገር ማራቆት፣ የነበረውን ማሳጣት ነው። አንባቢ ሆይ፣ የሦስቱን ቅደም ተከተል ልብ በል። ቃሉ «ምንም አልተነካም» ብሎ ይጀምርና «ባዶ እጅህን ቀረህ» በሚለው ይጨርሳል። ከመጀመሪያው ደረጃ ተነሥቶ ሦስተኛው ላይ እስኪደርስ ድረስ ስሙን አይለውጥም።

ጆንሰን ራሱም የዚህን ግስ ዕዳ ከፍሏል። ታላቁ መዝገበ ቃላት ሁለት ግዙፍ ጥራዝ ነበር፤ ዋጋውም 4 ፓውንድ ከ10 ሺሊንግ በመሆኑ ተራ አንባቢ የሚደፍረው አልነበረም። ስለዚህ በ1756 በ10 ሺሊንግ የሚሸጥ አጭር እትም አወጣ። ከአጭሩ እትም የጎደለው በዋናነት የጥቅስ ሀብቱ ነው። ጆንሰን ቃላት በደራሲያን ብዕር እንዴት እንደዋሉ ለማሳየት ለዓመታት የሰበሰባቸው ከ110 ሺህ በላይ ጥቅሶች ናቸው ለመጽሐፉ ነፍስ የሰጡት። የቃል ፍቺ ለሚፈልግ ሰው አጭሩ እትም ሙሉ ነው፤ ሥነ ጽሑፍን ለሚወድ ሰው ግን ነፍሱ የተወሰደበት አካል ነው። ቁም ነገሩ ተነክቷል ወይስ አልተነካም? መልሱ የሚወሰነው ቁም ነገር የምንለው ምን እንደሆነ ባወቅነው መጠን ነው።

እንግዲህ ግሱ አትላንቲክን ተሻግሮ ከሕገ መንግሥት የገባው ይህን ጥያቄ በጉያው ይዞ ነው። በሰኔ 1789 ጄምስ ማዲሰን ለአዲሱ የአሜሪካ ኮንግረስ የመብት ረቂቆቹን ሲያቀርብ፣ ሕዝብ የመናገር፣ የመጻፍና የማሳተም መብቱን እንዳይነጠቅና እንዳይቀነስበት የሚከለክል ዐረፍተ ነገር ጽፎ ነበር። ለመቀነሱ የመረጠው ግስ «አብሪጅ» ነው። የተወካዮች ምክር ቤት ይህን ለውጦ «አይጣስም» የሚል ቃል አገባ። ሴኔቱ ግን «አብሪጅ»ን መልሶ አመጣው፤ በታኅሣሥ 1791 የጸደቀው የመጀመሪያው ማሻሻያም በዚሁ ግስ ታተመ። በዚያ አንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሃይማኖትን ስለመከተል ሲናገር ኮንግረስ ሕግ አውጥቶ መከልከል አይችልም ይላል፤ ስለ ንግግርና ስለ ኅትመት ሲናገር ግን መከልከል የሚለውን ትቶ ማሳነስ የሚለውን ይዟል። ሙሉ በሙሉ መዝጋት ይቅርና ጥቂት ማጉደልም አይፈቀድም እንደማለት ነው።

ፈተናው ለመምጣት ሰባት ዓመት አልሞላውም። በሐምሌ 1798 ኮንግረስ መንግሥትን፣ ፕሬዚዳንቱንና ራሱን ኮንግረሱን በሐሰትና በክፋት የሚያጥላላ ጽሑፍ በሚጽፍ ሰው ላይ እስከ ሁለት ዓመት እስራትና እስከ 2,000 ዶላር መቀጮ የሚያስከትል ሕግ አወጣ። የቨርሞንቱ የኮንግረስ አባል ማቲው ላየን በዚህ ሕግ ተከሶ አራት ወር ታሰረ፤ 1,000 ዶላርም ተቀጣ። መራጮቹ ግን እስር ቤት ሳለ መልሰው መረጡት።

የሕጉ ጠበቆች ክርክር የጆንሰንን የመጀመሪያ ፍቺ ያስታውሰናል። የኅትመት ነጻነት ቁም ነገሩ ከመታተም በፊት ፈቃድ አለመጠየቅ ነው፤ ይህን አልነካንም፤ ከታተመ በኋላ አጥፊውን መቅጣት ነጻነቱን አያሳንሰውም አሉ። ማዲሰን በ1800 በጻፈው ዘገባ የመለሰላቸው መልስ ቀላልና የማያፈናፍን ነው። አስቀድሞ አልከለክልህም፣ ነገር ግን ከጻፍህ በኋላ አስርሃለሁ የሚል ሕግ ነጻነትን አላጎደልኩም ቢል መሳለቂያ ይሆናል። ጸሐፊው ነገ የሚደርስበትን እያሰበ ዛሬ ብዕሩን ያስቀምጣልና። ሕጉ በመጋቢት 1801 ዘመኑ አልቆ ጠፋ፤ የተነሣው ጥያቄ ግን አልጠፋም።

ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ግሱ ከአንደበት ወደ ምርጫ ድምፅ ተሻገረ። በ1868 የጸደቀው 14ኛው ማሻሻያ በአንቀጽ ሁለቱ አስገራሚ ሒሳብ ሠርቷል። አንድ ክፍለ ግዛት ለዐቅመ ምርጫ የደረሱ ወንድ ዜጎቹን ድምፅ ቢነፍግ ወይም በማናቸውም መንገድ ቢያሳንስ፣ በኮንግረስ ያለው የወንበር ብዛት በዚያው መጠን ይቀነሳል። ያጎደለ ይጉደልበት ነው ነገሩ። ቅጣቱ ግን በአንድም ክፍለ ግዛት ላይ ሳይፈጸም ቀረ። በየካቲት 1870 የጸደቀው 15ኛው ማሻሻያ ደግሞ የዜጎች የመምረጥ መብት በዘር፣ በቀለም ወይም ቀድሞ ባሪያ በመሆን ምክንያት እንዳይነፈግ ወይም እንዳያንስ ደነገገ። ሁለቱ ግሶች ከዚያ ወዲህ እንደ መንታ ሆኑ። የሴቶችን ድምፅ ባረጋገጠው በ1920ው ማሻሻያ፣ ለመምረጥ የሚከፈለውን የነፍስ ወከፍ ግብር በሻረው በ1964ቱ፣ 18 ዓመት የሞላውን ወጣት ባካተተው በ1971ዱም ጎን ለጎን ቆመው እናገኛቸዋለን።

መንፈግ ካለ ማሳነስ ለምን አስፈለገ? በደቡብ ክፍለ ግዛቶች የተከተለው ታሪክ መልሱን ይሰጣል። ከ1890 ጀምሮ ክፍለ ግዛቶቹ በአብዛኛው «ጥቁር አይመርጥም» ብለው አልጻፉም። ሚሲሲፒ በዚያው ዓመት ባወጣችው ሕገ መንግሥት ሁለት ዶላር ግብር መክፈልን፣ እንዲሁም የሕገ መንግሥቱን አንድ አንቀጽ ማንበብን ወይም ሲነበብ ተረድቶ ማብራራትን አዘዘች፤ ማብራሪያው በቂ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው መዝጋቢው ነው። ሉዊዚያና በ1898 የንብረትና የማንበብ መመዘኛ አወጣችና፣ ራሱ ወይም አባቱ ወይም አያቱ በጥር 1867 የመምረጥ መብት የነበረው ሰው ከመመዘኛው ነጻ ነው አለች። በዚያ ቀን መብቱ የነበራቸው እነማን እንደሆኑ ለማንም ግልጽ ነበር። በ1896 በሉዊዚያና 130,334 ጥቁር መራጮች ተመዝግበው ነበር፤ በ1900 የቀሩት 5,320 ናቸው። ቀለም የሚል አንድ ቃል ሳይጻፍ ከመቶው ዘጠና ስድስቱ ጠፉ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለውን የአያት አንቀጽ በ1915 በኦክላሆማ ጉዳይ ሻረው። ኦክላሆማም ወዲያው ሌላ ብልሃት ፈጠረች። በ1914 ምርጫ የመረጡ ሰዎች እንደተመዘገቡ ይቆጠራሉ፤ ሌሎቹ ከሚያዝያ 30 እስከ ግንቦት 11 ቀን 1916 ድረስ ካልተመዘገቡ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ለዘላለሙ መብታቸውን ያጣሉ አለች። በ1914 የመረጡት በተሻረው አንቀጽ የተጠቀሙት ነጮች ናቸው። ለጥቁሩ የተተወለት 12 ቀን ብቻ ነው። እዚህ ላይ መብቱ አልተነፈገም ብሎ መከራከር ይቻላል፤ በሩ ተከፍቶ ነበርና። በ1939 ግን ዳኛ ፊሊክስ ፍራንክፈርተር የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ሲጽፉ፣ 15ኛው ማሻሻያ የሚሽረው የጅል አድልዎን ብቻ ሳይሆን የረቀቀውንም ጭምር ነው የሚል ሐሳብ አሰፈሩ።

ረቂቁም እየረቀቀ ሄደ። በ1957 የአላባማ ምክር ቤት የተስኪጊን ከተማ ወሰን ለወጠ። አራት ማዕዘን የነበረችው ከተማ 28 ጎን ያላት እንግዳ ቅርጽ ሆነች። ከ400 ያህል ጥቁር መራጮች አራት ወይም አምስት ብቻ ሲቀሩ ሌሎቹ ከወሰኑ ውጭ ወደቁ፤ ከነጮቹ አንድም አልወጣም። ሰዎቹ ቤታቸውን አልለቀቁም፤ ከተማቸው ናት ጥላቸው የሄደችው። የተስኪጊ ኢንስቲትዩት መምህር የነበሩት ቻርልስ ጎሚልየን ከሌሎች ነዋሪዎች ጋር ከሰሱ፤ በ1960ም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክሳቸው ሊሰማ የሚገባው መሆኑን በአንድ ድምፅ ወሰነ።

የግሱ ክብር ከፍ ብሎ የታየው ግን፣ በእኔ ግምት፣ በቨርጂኒያ ነው። የነፍስ ወከፍ ግብሩ ሊሻር መሆኑን ያወቀችው ቨርጂኒያ በ1963 አማራጭ የሚመስል ሕግ አወጣች። በፌዴራል ምርጫ ድምፅ መስጠት የሚፈልግ ሰው ወይ እንደ ቀድሞው ግብሩን ይከፍላል፤ አለዚያም የምርጫው ዓመት በመጣ ቁጥር ከምርጫው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ነዋሪነቱን የሚያረጋግጥ የተመሰከረ ወረቀት ያስገባል። ግብሩ 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው፤ ወረቀቱም ነጻ ነው። ታዲያ ማን ምን ተነፈገ? ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሚያዝያ 1965 የመለሰው በዚሁ ግስ ላይ ቆሞ ነው። ማሻሻያው መብቱ እንዳይነፈግ ብቻ አላለም፤ እንዳያንስም ብሏል። መብቱን ሳይከፍል ሊጠቀምበት በሚፈልግ ሰው ላይ ብቻ ተጨማሪ ሸክም መጫን ያንን መብት ማሳነስ ነው። አንድ ግስ ባይኖር ኖሮ ያ ወረቀት በሕግ ፊት ንጹሕ ሆኖ ያልፍ ነበር።

ዛሬም ግን ክርክሩ አልተዘጋም፤ ምክንያቱም አነሰ ለማለት ከምን አነሰ ተብሎ መጠየቁ አይቀርም። በ2000 ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ በጻፉት ውሳኔ፣ ይህ ግስ ያለ ንጽጽር ትርጉም እንደሌለው አመለከቱ። አዲስ ሕግ ከመጽደቁ በፊት ሲመረመር ንጽጽሩ ትናንት ከነበረው ጋር ሊሆን ይችላል፤ በ15ኛው ማሻሻያ ግን ንጽጽሩ ሊሆን ከሚገባው ጋር ነው። በ2020 የወረርሽኙ ወራት ደግሞ በቴክሳስ ዕድሜያቸው 65 የሞላ ሰዎች ሌላ ምክንያት ሳያቀርቡ በፖስታ እንዲመርጡ የሚፈቅደው ሕግ የወጣቶቹን መብት ያሳንሳል ተብሎ ተከሰሰ። የአምስተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አልተቀበለም፤ ለአዛውንቱ መጨመር ከወጣቱ መቀነስ አይደለም፤ ወጣቱ ቀድሞ ከነበረው አልጎደለበትም አለ። ሁለቱን አስተያየቶች ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ልዩነቱ ከሕግ በላይ ይሆንብኛል። መለኪያችን ትናንት የነበረው ብቻ ከሆነ፣ ተወልዶ ጀምሮ ጎዶሎ ለተሰፈረለት ሰው ምንም አልጎደለበትም ማለት ነው።

አሁን ወደ ቋንቋችን ልመለስ። በአሜሪካ ዜግነት ለማግኘት የሚፈተን ወገናችን ከሚያጠናቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ ስለ መራጮች ከሚናገሩት አራት ማሻሻያዎች አንዱን ግለጽ የሚል ነው። አራቱም በዚህ ግስ የታሰሩ ናቸው። ታዲያ በአማርኛ ምን እንበለው? «አሳጠረ» ለመጽሐፍና ለልብስ ይሆናል። «ቀነሰ» ከደመወዝና ከዋጋ ጋር የዋለ የሒሳብ ቃል ነው። «ገደበ» ወንዝን ያስታውሳል፤ የተገደበ ውኃ ግን ከግድቡ ወዲያ ሙሉውን ተኝቶ ይጠብቃል እንጂ አይጎድልም። እኔ የምመርጠው «ሸረፈ»ን ነው።

የተሸረፈ ስኒ ቡና ይይዛል። ጥርሱ የተሸረፈ ሰው ይበላል፤ ይናገራልም። ዕቃው አለ፣ ስሙም አልተለወጠም፤ ነገር ግን ዓይን ያየው ሁሉ ሙሉ እንዳልሆነ ያውቃል። «ከምን ጎደለ?» የሚለው የዳኞቹ ጥያቄ በዚህ ቃል ውስጥ መልሱን ይዟል። ሸረፈ ስንል ሙሉው ዕቃ ምን ይመስል እንደነበረ ወይም ምን ሊመስል እንደሚገባው አብረን እያሰብን ነው። ጎዶሎ ሆኖ ከተሠራ ስኒ ጠጥቶ ያደገ ሰው እንኳ ሙሉ ስኒ ምን እንደሆነ ያውቃል።

ከዚህም በላይ አማርኛ አንድ ተጨማሪ ጸጋ አለው። ሰበረን ሰባበረ፣ ቆረጠን ቆራረጠ እንደምንል ሸረፈን ሸራረፈ እንላለን፤ ድርጊቱ በአንድ ምት ሳይሆን በብዙ ትናንሽ ምቶች መፈጸሙን ግሱ ራሱ ይናገራል። ሕግ ሳይሸራረፍ ይከበር ማለት የተለመደ አነጋገራችን መሆኑም በከንቱ አይደለም። በሚሲሲፒ ሁለት ዶላር፣ በኦክላሆማ 12 ቀን፣ በተስኪጊ 28 ጎን፣ በቨርጂኒያ አንድ ወረቀት፤ እያንዳንዱ ብቻውን ሲታይ ትንሽ ነው፤ ሲደመር ግን መሸራረፍ ነው።

የተነጠቀ ሰው ይጮኻል፤ መነጠቁን ያውቃልና። የተሸረፈበት ሰው ግን ዕቃው ከእጁ ስላልወጣ ለመጮኽ ያፍራል፤ አንድ አጥጋቢ ምክንያትም ሁልጊዜ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፦ ቁም ነገሩ አልተነካም የሚል። መጽሐፍ ሲያጥር ይህ ቃል እውነት ሊሆን ይችላል። መብት ሲያጥር ግን ቁም ነገሩ ተነክቷል ወይም አልተነካም ብሎ የሚመሰክር ሌላ ሰው ሊኖር አይገባም፤ ምስክሩ ስኒውን ከከንፈሩ የሚያደርሰው ሰው ነው። ስለታን የሚያውቀው የእርሱ ከንፈር ነውና።